ቁንዶ በርበሬ የደን ሐረግ ነው፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቁንዶ በርበሬን አብዛኞቻችን የተዋወቅነው ሙቀጫ ውስጥ ነው፤ ደርቆ፣ ተጨማድዶ፣ ጠቁሮ። ተክሉን ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው። የትውልድ ስፍራው በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ ከዓረብ ባሕር ዳርቻ ትይዩ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉት የምዕራብ ጋትስ ተራሮች ናቸው። እዚያ ዝናቡ በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የረገፈ ቅጠል መሬቱን ይሸፍናል፤ ፀሐይዋም በቅጠል ተጣርታ ነው መሬት የምትደርሰው። ሐረጉ ከዚህ ጥላ ሥር ተነሥቶ፣ በየአንጓው በሚያወጣቸው አጫጭር ሥሮች የዛፍ ቅርፊት እየጨበጠ እስከ 10 ሜትር ይወጣል። ማንም ያልተከለውና ማንም የማይኮተኩተው የዱር ቁንዶ በርበሬ እስከ ዛሬ በኬረላና በካርናታካ ደኖች ውስጥ ይገኛል።

ይህን የምጽፈው ሐረጉን ለሚተክል፣ ፍሬውን ለሚያደርቅና ገዝቶም ለሚበላ ነው። በየደረጃው የሚሠሩት ስህተቶች ብዙ ቢመስሉም፣ አብዛኞቹ ተክሉ ከየት እንደመጣ ከመርሳት የሚመነጩ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከበርበሬ ጋር ማዛመድ

ስሙ ያሳስታል። በርበሬ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ ከቲማቲምና ከድንች ወገን ናቸው፤ የመጡትም ከአሜሪካ አህጉር ሲሆን ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት በእስያም በአፍሪካም አይታወቁም ነበር። የሚያቃጥሉት ካፕሳይሲን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። የቁንዶ በርበሬ ማቃጠል ግን ከፓይፐሪን የሚመጣ ነው። የእርሱ የሥጋ ዘመድ በእኛ ደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚበቅለው ጥምዝ ነው።

በስም መምታታቱ የአማርኛ ብቻ ችግር አይደለም። በኬረላ ቋንቋ በማላያላም ቁንዶ በርበሬ «ኩሩሙላኩ» ይባላል፤ «ሙላኩ» ብቻውን ሲጠራ ግን ዛሬ ለሰው የሚመጣለት ከባሕር ማዶ የመጣው በርበሬ ነው። እንግዳው የባለቤቱን ስም ወረሰ። ጉዳቱ የሚመጣው ሰው በስሙ ተመርቶ ሲተክል ነው። በርበሬ ገላጣ ማሳ ይወዳል፣ በዘር ይዘራል፣ በዓመቱ ያልቃል። ቁንዶ በርበሬ ግን ዛፍና ጥላ ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል፣ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ዓመት ሙሉ ምርት ላይ ይደርሳል፣ በደንብ ከተያዘም ከ20 ዓመት በላይ ይለቀማል።

ከሱቅ የገዙትን ፍሬ መዝራት

አይበቅልም። ጥቁሩ ፍሬ ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ተለቅሞ በፀሐይ የደረቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም በፈላ ውሃ ውስጥ አልፏል። ቀልቶ የበሰለ ትኩስ ፍሬ ይበቅላል፤ ቢሆንም የሚወጣው ሐረግ እናቱን ላይመስል ይችላል። በዱር ባለው ቁንዶ በርበሬ ወንዱና ሴቱ አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ሐረግ ላይ ናቸው። የገበሬው ሐረግ ግን ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድ አበባ የያዘ ነው፤ ሰው ለብዙ ዘመን እየመረጠ ስላራባው። በዘር ማራባት ያን ሁሉ ምርጫ ለዕጣ መስጠት ነው። ስለዚህ የሚተከለው ቁራጭ ነው።

የተሳሳተውን ቀንበጥ መቁረጥ

አንድ ሐረግ ላይ ሦስት ዓይነት ቀንበጥ አለ፤ ከአንድ ተክል ይውጡ እንጂ ተቆርጠው ሲተከሉ ጠባያቸው ለየቅል ነው። አንደኛው ወደ ላይ የሚወጣው፣ በየአንጓው ሥር አውጥቶ ዛፍ የሚጨብጠው ዋናው ግንድ ነው። ሁለተኛው ከእሱ ወደ ጎን የሚወጣው ፍሬ ያዥ ቅርንጫፍ ነው፤ ዘለላው የሚንጠለጠለው በዚህ ላይ ሲሆን መጨበጫ ሥር የለውም። ሦስተኛው ከግንዱ ግርጌ ወጥቶ መሬት ለመሬት የሚሳበው ነው።

የጀማሪ ዓይን የሚያርፈው ፍሬ ባንጠለጠለው ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ያፈራ ቅርንጫፍ ልጁም ያፈራል ብሎ ይቆርጠዋል። ልክ ነው፣ ያፈራል። መውጣት ግን አያውቅም፤ ዕድሜውን ሁሉ ቁጥቋጦ ሆኖ ይኖራል። ማሳ የሌለው ሰው በትልቅ ማሰሮ ሊያሳድገው ከፈለገ ይኸው ራሱ ጥሩ ዘዴ ነው፤ በኬረላም ሆን ብለው በዚህ መንገድ የሚያራቡ አሉ። ዛፉ ሥር ተክሎ «መቼ ይወጣልኝ ይሆን» እያለ የሚጠብቅ ግን ዓመታቱን ያጠፋል።

ለሚወጣ ሐረግ የሚመረጠው መሬት ለመሬት የሚሳበው ቀንበጥ ነው። ልምድ ያላቸው ገበሬዎች አስቀድመው ጤናማና ብዙ የሚያፈራ እናት ሐረግ ለይተው ያውቃሉ። ከግርጌው የሚወጡትን ቀንበጦች መሬት ላይ ሥር እንዳይሰዱ አጠገቡ በተተከለ አጭር እንጨት ላይ ጠቅልለው ያቆዩአቸዋል። በየካቲትና በመጋቢት ይቆርጧቸዋል። በጣም ለጋው ጫፍና የጠነከረው ግርጌ ይጣላል፤ መካከሉ 2 ወይም 3 አንጓ ያላቸው ቁራጮች ይሆናል። ቅጠሉ ተቀንሶ፣ ቢያንስ አንዱ አንጓ አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ጥላ ባለው መደብ ውሃ እየጠጣ ይቆያል፤ ሰኔ ሲገባና ዝናቡ ሲጀምር ለመተከል ይደርሳል። በእናቱ ምርጫ ላይ የተቻኮለ ሰው በሽታዋንም አብሮ ወደ ማሳው ይዞ ይገባል፤ ቁራጭ የእናቱን ደግም ክፉም ይወስዳልና።

ዛፉን እንደ ምሰሶ መቁጠር

ሐረጉ የሞተ ምሰሶም ላይ ይወጣል። በማሌዥያ ሳራዋክ ቤሊያን በሚባል እንደ ብረት የጠነከረ እንጨት ላይ፣ በዓለም ቀዳሚዋ አምራች በቬትናም ደግሞ ብዙ ጊዜ በሲሚንቶና በጡብ ዓምድ ላይ ይተከላል። ምርቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ከጥላው ወጥቶ በሙሉ ፀሐይ የቆመ ሐረግ ማዳበሪያውም ውሃውም በሰው እጅ መምጣት አለበት። ለአነስተኛ ገበሬ ሕያው ዛፍ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቅጠሉን አርግፎ አፈሩን ይመግባል፣ ሙቀቱን ያበርዳል፣ ንፋሱን ይሰብራል።

ታዲያ ዛፍ ሁሉ እኩል አይደለም። ቅርፊቱ ሻካራ፣ ሥሩ ጥልቅ፣ መቆረጥ የሚችል መሆን አለበት። በኬረላ የቆርች ዘመዶች፣ ግራቪሊያ፣ ጃክፍሩት፣ ማንጎና አሬካ ዘንባባ ለዚህ ያገለግላሉ። ቅርፊቱን እየላጠ የሚጥል ዛፍ ሐረጉንም ይዞት ይወርዳል።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ ሐረጉ በዛፉ በየትኛው ጎን ይተከል? በኬረላ ኬክሮስ የሚመከረው የሰሜን ጎን ነው፤ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ተደርጎ። በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የዛፉ ግንድ ራሱ ለሕፃኑ ሐረግ ጥላ ይሆንለታል። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚያዩ ተዳፋቶችም በዚሁ ምክንያት አይመረጡም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጋው ሲከርር በቅጠል መከለል፣ ሐረጉ ራሱ እስኪጨብጥ ድረስም አንጓው አጠገብ በለስላሳ ገመድ ማሰር ያስፈልጋል።

ጥላ ይወዳል ሲባል ደግሞ ጨለማ ይወዳል ማለት አይደለም። ደን ውስጥም ሐረጉ የሚያፈራው ወደ ብርሃኑ ከወጣ በኋላ ነው። የዛፉ ቅርንጫፎች በየዓመቱ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት ገደማ፣ ካልተመለመሉ ቅጠሉ ያምራል፣ ዘለላው ግን ይጠፋል። በተለይ ፓኒዩር 1 የሚባለውና በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ድቅል ዝርያ ድቅድቅ ጥላ አይስማማውም። ዝናው ምርታማነቱ ስለሆነ ብዙ ሰው ይመኘዋል፤ ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር የሚተክሉት ግን ሌላ ዝርያ ቢመርጡ ይሻላቸዋል።

ንብ መጠበቅ፣ ዝናብን መፍራት

ዘለላው ላይ ፍሬ ሳሳ ሲባል «ንብ የለም» የሚል አለ። የቁንዶ በርበሬ አበባ ግን ቀለምም የአበባ ቅጠልም የሌላት፣ ለዓይን የማትሞላ ነገር ናት፤ ንብን የምትጠራበት ውበት የላትም። ዘለላው ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ አበቦቹም ከላይ ወደ ታች በየተራ ይከፈታሉ። የዝናብ ጠብታ በዘለላው ላይ ሲንሸራተት የላይኞቹን ብናኝ ይዞ ወደ ታችኞቹ ያወርዳል። እንዲህ ያለ ተክል የሚፈጠረው ዝናብ በማይታጣበት ደን ብቻ ነው፤ በግሌ ከዚህ ተክል ጠባዮች ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ሐረጉን ከዝናብ መከለል፣ ወይም በዝናቡ መካከል የሚመጣውን ድርቀት መናቅ ምርቱን ያሳጣል። በግንቦትና በሰኔ በ20 ቀን ውስጥ 70 ሚሊ ሜትር ያህል ከዘነበ አዲስ ቅጠልና አበባ ለመቀስቀስ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ቀላልም ቢሆን ዝናቡ መቀጠል አለበት፤ በዚያ ወሳኝ ወቅት የጥቂት ቀን ድርቀት ብቻ ምርቱን ይቀንሰዋል። ውሃ ማጠጣት የሚችል ሰው እጁን መሰብሰብ የሌለበት ያኔ ነው።

በኬረላ የሚነገር ተረት አለ። ፖርቱጋሎች በ1498 እ.ኤ.አ. ካሊኬት ከደረሱ በኋላ ችግኙን ወደ አገራቸው ሊወስዱ መሆኑን የሰሙ ሹማምንት ደንግጠው ለንጉሡ ለዛሞሪን ነገሩት። እሱ ግን አልተጨነቀም፤ ሐረጉን ቢወስዱ ትሩቫቲራ ኛቱዌላን መውሰድ አይችሉም አለ ይባላል። ትሩቫቲራ ኛቱዌላ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ያህል የሚቆየው፣ ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቁበት የቁንዶ በርበሬ ወቅት ነው። ንጉሡ ሐረጉ በሌላ ምድር እንደሚበቅል አላወቀም ነበር። ተክሉን ከወቅቱ ለይቶ አለማየቱ ግን ትክክል ነበር።

ግርጌው ላይ ውሃ ሲቆም ዝም ማለት

ዝናብ ይወዳል፣ ረግረግ ግን ይገድለዋል። የተወለደው በተራራ ተዳፋት ላይ ነው፤ ውሃው በሥሩ በኩል ያልፋል እንጂ አይተኛም። ከሁሉም ስህተቶች ብዙ ሐረግ የፈጀው ይህኛው ነው።

ገዳዩ ፋይቶፍቶራ ይባላል። እንደ ሻጋታ ቢታይም እውነተኛ ሻጋታ አይደለም፤ ዘሩ በውሃ ውስጥ ይዋኛል። ግርጌው ላይ ያቆረ ውሃ ሲያገኝ ከሥር ወደ ሥር ይሻገራል፤ የዝናብ ጠብታ መሬት መትታ ስትፈናጠር ደግሞ ዝቅ ወዳሉት ቅጠሎች ይወጣል። ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል፣ ጠርዙ እንደ ጭራ የተበታተነ። የግንዱ ግርጌ ከተያዘ ሐረጉ በሙሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ግንዱም አንጓ ከአንጓ ይለያያል። ትናንት ለምለም የነበረ የ10 ዓመት ሐረግ እንዲህ ሲወድቅ ማየት ልብ ይሰብራል።

ሰዎች የሚሳሳቱት በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ዝናብ እየዘነበ ይኮተኩታሉ። ዶማው ሥር ያቆስላል፣ የታመመውንም አፈር ወደ ጤነኛው ያዛውራል። በዝናብ ወቅት ሣሩን ማጨድ ይበቃል፤ የታጨደውም ሣር መሬቱን ይሸፍን፣ ጠብታው አፈር እንዳያፈናጥር። ሁለተኛ፣ መሬት ለመሬት የሚሳቡትን ቀንበጦች ችላ ይላሉ። በሽታው ከአፈር ወደ ሐረጉ የሚወጣበት መሰላል እነሱ ናቸው፤ ዝናቡ ሳይገባ ወይ ይቆረጡ ወይ ወደ ላይ ይታሰሩ። ሦስተኛና ከባዱ፣ መድኃኒት የሚፈልጉት ሐረጉ ከጠወለገ በኋላ ነው። ያኔ ግርጌው በስብሶ አልቋል። መከላከያው ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ የውሃ መውረጃ ቦይ ማውጣት፣ ከዚያም ዝናቡ ሲጀምር አንድ ጊዜ፣ በነሐሴ ገደማ ደግሞ አንድ ጊዜ የቦርዶ ድብልቅ መርጨት። የ1 በመቶ ድብልቅ ማለት 1 ኪሎ ግራም ኮፐር ሰልፌትና 1 ኪሎ ግራም ኖራ በ100 ሊትር ውሃ ነው።

ትሪኮደርማ የሚባለውን ጠቃሚ ሻጋታ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ግርጌ ላይ መጨመርም ይረዳል። ግን ከቦርዶው ጋር በአንድ ጊዜ መስጠት ሁለቱንም ገንዘብ መጣል ነው፤ መዳቡ ወዳጁን ሻጋታ ይገድለዋል። የሞተ ሐረግ ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠል፤ ማሳው ዳር መተው በሽታውን ለከርሞ ማስቀመጥ ነው።

ዘለላውን አረንጓዴ ሳለ ወይም ሁሉም ቀልቶ መልቀም

ከአበባ እስከ መድረስ ከ6 እስከ 8 ወር ይፈጃል፤ በኬረላ ለቀማው ከኅዳር እስከ የካቲት ይሆናል። ምልክቱ ቀላል ነው። በዘለላው ላይ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሲሆን መላው ዘለላ ይለቀማል። ዋጋ እንዳይወርድ ብሎ የቸኮለ ሰው ውስጡ ያልሞላ፣ ሲደርቅ የሚቀልል ፍሬ ያገኛል። የዘገየው ደግሞ ለወፍ ይገብራል።

ጥቁረቱን ከእሳት መጠበቅ

በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ጽሑፎች ውስጥ የቁንዶ በርበሬን ደን እባቦች ይጠብቁታል፣ የአገሩ ሰዎችም እባቦቹን ለማባረር ደኑን ሲያቃጥሉ ፍሬው ይጠቁራል የሚል ወሬ ተጽፎ ይገኛል። ፍሬውን ለዘመናት ሲሸምቱ ሐረጉን ያላዩ ሰዎች የፈጠሩት ነው። ዛሬም ጥቁሩን «የተቆላ» የሚለው ሰው አልጠፋም። ጥቁረቱ ከልጣጩ ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ሙዝ ሲላጥ እንደሚጠቁር ሁሉ፣ በልጣጩ ያለው ኤንዛይም ከአየር ጋር ሲገናኝ ያጠቁረዋል።

ይህን ያወቀ ገበሬ የተፈለፈለውን ፍሬ በቅርጫት አድርጎ ለ1 ደቂቃ በፈላ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ልጣጩ ይፈነዳል፣ ፍሬው በፍጥነትና እኩል ይጠቁራል፣ ቆሻሻውም ይታጠባል። ከ1 ደቂቃ ማስረዘም ግን ጉዳት ነው፤ ሙቀቱ ኤንዛይሙን ይገድለዋል፣ ፍሬውም ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በንጹሕ ምንጣፍ ወይም በሲሚንቶ አውድማ ላይ ስስ ሆኖ ይሰጣል፤ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ እስኪወርድ። ባዶ መሬት ላይ ማስጣት፣ ማታ እርጥብ ሳለ መከመር፣ ጥርስ ላይ ሳይሰበር ጆንያ ውስጥ መክተት ሁሉም ወደ ሻጋታ ያመራል። ከ100 ኪሎ ግራም ትኩስ ፍሬ የሚገኘው ደረቅ 33 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከዚህ በጣም በልጦ ከተገኘ ደስ አይበልዎ፤ ገና አልደረቀም።

ነጩ ቁንዶ በርበሬ ሌላ ተክል አይደለም። ቀልቶ የበሰለው ፍሬ ለ7 ወይም ለ8 ቀን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ልጣጩ ሲነሣ የሚቀረው ዘር ነው። ውሃውን በየቀኑ አለመለወጥ እዚህ ላይ ያለው ትልቁ ጥፋት ነው፤ አንዳንድ ነጭ ቁንዶ በርበሬ በረት በረት የሚሸተው ለዚህ ነው።

ተፈጭቶ የመጣውን መግዛት

የማቃጠሉና የመዓዛው ምንጭ ይለያያል። ፓይፐሪን አይበንም፤ መዓዛው የሚወጣበት ዘይት ግን ተናኝ ነው። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ወር ሲከርም ያቃጥላል፣ ግን አይሸትም። ድስቱ ሲጣድ መጨመርም ውጤቱ ያው ነው፤ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። በፍሬው ገዝቶ፣ ሊወጣ ሲል ወቅጦ መነስነስ ነው።

በፍሬው መግዛት ማጭበርበርንም ያጋልጣል። የደረቀ የፓፓያ ዘር ቁንዶ በርበሬን ስለሚመስል ይቀላቅሉታል። ጥቂት ፍሬ ብርጭቆ ውስጥ በአልኮል ላይ ይጨምሩ፤ በደንብ የሞላ ቁንዶ በርበሬ ይሰጥማል፣ የፓፓያ ዘርና ባዶ ፍሬ ይንሳፈፋሉ። የፓፓያው ዘር ሞላላ ነው፣ ሲታኘክም ጣዕሙ ሌላ ነው። በሱቅ «ሮዝ ቁንዶ በርበሬ» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ ዛፍ የሚለቀም፣ ከካሹ ወገን የሆነ ሌላ ፍሬ ነው፤ ለካሹ አለርጂ ያለበት ሰው አይንካው።